የተዘጋጀን ድምፅ ከባዶ መልሶ መሥራት፦ ከአኮርዲዮን እስከ በገና

አርቲስት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለዱ። በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ በ14 ዓመታቸው ደግሞ ያለ መምህር አኮርዲዮን መጫወት ራሳቸውን አስተማሩ። በኋላም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ሆኑ፤ ባንዱ በ1977 ያወጣው «ቸ በለው» የተሰኘ አልበም ዛሬም ይደመጣል። በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እርሳቸው በዚያው ቀሩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ በዋሽንግተን ብቻቸውን ሆነው «ሸሞንሟናዬ» በሚል ስም የሚታወቀውን ካሴት ቀረጹ። በዚህ ካሴት ላይ የልጅነት መሣሪያቸው አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከምት ማሽን ጋር ተቀናጅቶ ይሰማል፤ ሁሉንም የተጫወቱት ራሳቸው ናቸው።

ካሴቱን በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው ዜማውን ከወደደ በኋላ ሌላ ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል። ከአኮርዲዮኑ ሥር የሚሰማው ድምፅ ከምን ተሠራ? አንዱ ድምፅ ሞልቶ ሲንቀጠቀጥ ሌላው ለምን ቀጥ ብሎ ይቆማል? አንዱ እንደ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲነሣ ሌላው ለምን እንደ ጠብታ ወርዶ ይጠፋል? ድምፅን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ሌላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳጥር አንድ ልምምድ ነው። ልምምዱም በሶፍትዌር ሲንተሳይዘር ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠን አንድ ድምፅ መርጦ፣ አሠራሩን ሳያዩ፣ ከባዶ ጀምሮ መልሶ መሥራት ነው።

እንዲህ ያለው የተዘጋጀ ድምፅ በሙያው ቋንቋ ፕሪሴት ይባላል። ፕሪሴት ሲንተሳይዘር ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነገር አይደለም። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ሦስት ኦሲሌተሮች፣ ማለትም ሦስት የድምፅ ምንጮች፣ ነበሩት እንጂ ድምፅን የሚያስቀምጥበት ማኅደር አልነበረውም። ተጫዋቹ ደስ ያለውን ድምፅ ሲያገኝ የየማዞሪያውን አቅጣጫ በወረቀት ላይ ካልመዘገበ በማግሥቱ እንደ አዲስ መፈለግ ነበረበት። በ1978 የወጣው ፕሮፌት-5 ግን 40 ድምፆችን በማኅደሩ መያዝ ቻለ። በ1983 የመጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ደግሞ 32 ድምፆችን በማኅደሩ ይዞ ለገበያ ቀረበ፤ ድምፁን ለመለወጥ በትንሽ መስኮት ውስጥ ቁጥር በቁጥር ማስተካከል ስለሚጠይቅ ብዙ ተጫዋቾች የፋብሪካውን ድምፆች እንዳሉ መጠቀምን መረጡ። ዛሬ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አንድ ሲንተሳይዘር በመቶ የሚቆጠሩ ፕሪሴቶችን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሙዚቀኛው በዚህ ጊዜ ያተርፋል። የሚያጣው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚታይ ነገር ነው፤ መምረጥ እንጂ መሥራት የማይችል ጆሮ ይዞ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ይህ ለውጥ ከአንድ አስቸጋሪ ዘመን ጋር ተገጣጠመ። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊቱን ሙዚቃ አጠበበው፤ ትልልቆቹ ባንዶች ተበተኑ ወይም አነሱ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የትራምፔቱንና የሳክስፎኑን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርድ ያዘው፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ባንድ ሆነ። በዚያ ዘመን ሙዚቃ ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በማሽኑ ላይ ነው። ነገር ግን «ሸሞንሟናዬ»ም የዚያው ዘመን ማሽን ውጤት ነው፤ በ2013 በአሜሪካ እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አግኝቷል። ስለዚህ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ብቻ መጣል አያስኬድም። ይልቁንም ሊጠየቅ የሚገባው፣ ተጫዋቹ በእጁ ያለውን ድምፅ ምን ያህል ያውቀዋል የሚለው ነው።

የልምምዱ ሥርዓት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጋቢውን ደርቦ በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ አንድ ተማሪ ቢኖር ከኮምፒውተሩ ሌላ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ሰርጅና ዴክስድ የተባሉት ሲንተሳይዘሮች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ቫይታልም በነፃ የሚሰጥ ቅጂ አለው። ተማሪው አንድ ፕሪሴት ይመርጣል፤ አንድ ቁልፍ ብቻ እየተጫነ ደጋግሞ ያዳምጣል፤ የድምፁን ማዞሪያዎች ግን አይመለከትም። ከዚያ የሰማውን በወረቀት ላይ ይጽፋል። ድምፁ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ባዶ ቱቦ ይመስላል ወይስ የሚያፏጭ ጠርዝ አለው? ሲነሣ ይፈነዳል ወይስ ያብጣል? ጣት ሲለቀቅ ወዲያው ይቆማል ወይስ ይዘገያል? እነዚህን መልሶ ከጨረሰ በኋላ ብቻ አዲስና ባዶ ድምፅ ከፍቶ ሥራውን ይጀምራል።

እያንዳንዱ ጥያቄ በማሽኑ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። የድምፁ መልክ የሚወሰነው በመጀመሪያ በኦሲሌተሩ ሞገድ ነው። መጋዝ መሰሉ ሞገድ በ100 ሄርዝ ሲሰማ 200፣ 300፣ 400 እያለ ሁሉንም ብዜቶች፣ ማለትም ሐርሞኒኮች፣ ይዞ ይመጣል፤ ጉልበታቸውም ግማሽ፣ ሢሶ፣ ሩብ እያለ ይቀንሳል። አራት ማዕዘኑ ሞገድ ግን 300፣ 500፣ 700 እያለ ጎደሎዎቹን ብዜቶች ብቻ ይይዛል፤ ባዶ ቱቦ የሚመስለውም ስለዚህ ነው። ቀጥሎ ያለው ማጣሪያ ከተወሰነ ድግግሞሽ በላይ ያለውን እየቀነሰ ድምፁን ያደበዝዘዋል ወይም ይገልጠዋል። ከዚያ የድምፁን ዕድሜ የሚወስነው ኤንቨሎፕ ይመጣል፤ እርሱም መነሻ፣ መውረጃ፣ መቆያና መጥፊያ የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሞገዱን ሲለዋውጥ ይውላል፤ ውሎ አድሮ ግን ሁለት ድምፆችን በይበልጥ የሚለያያቸው ዕድሜያቸው መሆኑን ይረዳል። መነሻው የተቆረጠበት የክራር ቅጂ ክራር መሆኑን ለመለየት ያስቸግራል።

አኮርዲዮን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአኮርዲዮን ውስጥ አየር የሚነፋው ወናፍ ነው፤ ድምፁን የሚሰጡት በአየሩ ግፊት የሚርገበገቡ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ናቸው። በብዙ አኮርዲዮኖች ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሁለት ምላሶች በአንድነት ሊጮኹ ይችላሉ፤ ሠሪው ሆን ብሎ ትንሽ አለያይቶ ይቃኛቸዋል። አንዱ በ440 ሌላው በ443 ሄርዝ ቢርገበገቡ ጆሮ ሁለት ድምፅ አይሰማም፤ በሰከንድ 3 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ድምፅ ይሰማል። የአኮርዲዮን መንቀጥቀጥ ከዚህ የሚመጣ ነው። ይህን በሲንተሳይዘር መልሶ ለመሥራት የሚጥር ተማሪ መጀመሪያ አንድ ኦሲሌተር ወስዶ ድምፁን ከፍ ዝቅ በሚያደርግ ቀርፋፋ ሞገድ ሊያንቀጠቅጠው ይሞክራል። ውጤቱ ይመሳሰላል፣ ነገር ግን ሕይወት የለውም፤ ምክንያቱም ሐርሞኒኮቹ ሁሉ በአንድ ፍጥነት ይወዛወዛሉ። ሁለት ኦሲሌተሮችን አለያይቶ ሲያስቀምጥ ግን ሁለተኛው ሐርሞኒክ በ880 እና በ886 ስለሚሆን በሰከንድ 6 ጊዜ፣ ሦስተኛው 9 ጊዜ ይወዛወዛል። ድምፁ ከውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ተማሪው በዚያ ቅጽበት የሚያገኘው የአኮርዲዮኑን ሠሪ ሐሳብ ነው።

ወናፉም የራሱን ትምህርት ይሰጣል። ፒያኖ ላይ የድምፁ ጉልበት የሚወሰነው ቁልፉ በተመታበት ቅጽበት ነው፤ አኮርዲዮን ላይ ግን ድምፁ ከተነሣ በኋላም በክንድ ግፊት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ስለዚህ ኤንቨሎፑን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ እጅ እየተጫወቱ በሌላው የድምፁን ጉልበት ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ፕሪሴቱ በማኅደር ሊቀመጥ ይችላል፤ ክንዱ ግን አይቀመጥም።

ሁለተኛው ምሳሌ ደወል ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠችውን የአንኮበርን አብያተ ክርስቲያናት የሚያውቅ ሰው የደወል ድምፅ በሸለቆ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ይህን ድምፅ በመጋዝ ሞገድና በማጣሪያ ለመሥራት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የደወል ድምፅ ሙሉ ብዜቶችን አይከተልምና። መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ ሞገድ የሌላውን ሞገድ ድግግሞሽ በፍጥነት እንዲያወዛውዝ ቢደረግ አዳዲስ ድምፆች እንደሚወለዱ አስተዋሉ፤ ጥናታቸውን በ1973 አሳተሙ፤ ያማሃም በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ዲኤክስ7ን ሠራ። የ200 ሄርዝን ሞገድ በ280 ሄርዝ ሲያወዛውዙት 480፣ 760፣ እንዲሁም 80 እና 360 ይወለዳሉ፤ አንዳቸውም የ200 ሙሉ ብዜት አይደሉም። ጆሮ ይህን ሲሰማ ብረት ነው ይላል። የማወዛወዙ መጠን በጊዜ ውስጥ እየቀነሰ እንዲሄድ ሲደረግ መጀመሪያ ጠርዙ ይጠፋል፣ በመጨረሻም ለስላሳው 200 ብቻ ይቀራል፤ የተመታ ደወልም የሚሞተው በዚህ ዓይነት ነው። ዴክስድ የዲኤክስ7ን አሠራር ስለሚከተል የዚያን መሣሪያ ድምፆች ከፍቶ መመርመር ይቻላል። በ1980ዎቹ ብዙዎች ሳይነኩት ያለፉትን ነገር የዛሬው ተማሪ ፈትቶ ሊያየው ይችላል።

በልምምዱ ውስጥ ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው በማስተጋቢያ መታለል ነው። አብዛኞቹ ፕሪሴቶች በትልቅ አዳራሽ ማስተጋባት ተሸፍነው ይቀርባሉ፤ ተማሪውም ውበቱን ከኦሲሌተሩ ይፈልጋል። ስለዚህ አስቀድሞ በዋናው ድምፅ ላይ ማስተጋቢያውን ብቻ መዝጋት ይጠቅማል። ሁለተኛው የጉልበት ልዩነት ነው፤ ሁለት ድምፆች ሲነጻጸሩ ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል፤ በመሆኑም ከማነጻጸር በፊት እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስተኛው በዓይን መፍረድ ነው። የድምፁን ሐርሞኒኮች በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ ጆሮ የጠረጠረውን ለማረጋገጥ ይረዳል፤ ከጆሮ ቀድሞ ከተከፈተ ግን ጆሮን ሥራ ያስፈታል። በመጨረሻ የዋናው ፕሪሴት አሠራር ሲከፈት ተማሪው ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። እርሱ በሁለት ኦሲሌተሮች ያገኘውን ሠሪው በአንድ ኦሲሌተርና በጥቂት መዘግየት አግኝቶታል። ይህ ውድቀት አይደለም። ለአንድ ውጤት ሁለት መንገድ እንዳለ ያወቀ ሰው ከዚያ በኋላ መንገድ ይመርጣል።

ቀድቶ መማር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ግስ ያጠናል፤ መምህሩ የነገረውን ቅኔ ተቀብሎ ሰሙንና ወርቁን ሲፈታለት ያደምጣል፤ ከዚያም በሁለት ቤት ከምታልቀው ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን መቁጠር ይለማመዳል። ረጃጅሞቹ የቅኔ ዓይነቶች የሚመጡት በኋላ ነው። በድምፅ ሥራም ከአንድ ቀላል የቤዝ ድምፅ መጀመር፣ ውስብስቡን ለኋላ ማቆየት ይገባል። ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት በቅኔ ቤት አለ። የሌላውን ቅኔ መስማትና መፍታት የትምህርቱ አካል ሲሆን የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ግን ነውር ነው። መልሶ የተሠራ ፕሪሴትም እንዲሁ ነው። ዋጋው በልምምድ ደብተር ውስጥ ነው፤ በራስ ስም ለገበያ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ልምምዱ ወዴት እንደሚያደርስ የሚታወቀው መቅጃ የሚሆን ፕሪሴት በሌለበት ቦታ ነው። ከሲንተሳይዘሮች ጋር ተዘጋጅተው በሚመጡት ድምፆች መካከል ቫዮሊን፣ ጊታርና ኦርጋን የሚመስሉ በብዛት ይገኛሉ፤ በገናን የሚፈልግ ሰው ግን ራሱ ይሠራው ዘንድ ይገደዳል። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ በልማድ አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው፣ ሰሜን ሸዋም የመንዝ በግ አገር ነው። አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር ከብርኩማው ጋር እየተነካካ ያን የታወቀ ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል፤ በዐቢይ ጾም የሚሰማው የበገና ግርማም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ተማሪው ይህን ለመሥራት ሲነሣ በመጀመሪያ በተለመደው የክር አሠራር ይጀምራል፦ መጋዝ መሰል ሞገድ፣ ፈጣን መነሻ፣ በጊዜ የሚዘጋ ማጣሪያ። የሚያገኘው የደከመ ክራር ነው። ነዛሪው እንደ ጎደለው ስለሚሰማ የነፋስ ዓይነት ሹክሹክታ ይጨምርበታል፤ አሁን ደግሞ የተበላሸ ራዲዮ ይመስላል። ስሕተቱ የት ነው? ሹክሹክታ ድግግሞሽ የሌለው ድምፅ ነው፤ የእንዚራው ንዝረት ግን አውታሩ በሄደና በመጣ ቁጥር የሚደገም ስለሆነ ከአውታሩ ቃና ጋር የተሳሰረ፣ ከሐርሞኒኮቹ የተሠራ ነው። በተጨማሪም በተራ ክር ላይ ከፍተኛዎቹ ሐርሞኒኮች ቀድመው ሲሞቱ በበገና ላይ ንክኪው እንደገና ያነሣሣቸዋል። ስለዚህ ማጣሪያው ፈጥኖ መዘጋት የለበትም። አለበለዚያ የቻውኒንግን መንገድ ይዞ ሁለቱን ሞገዶች በእኩል ድግግሞሽ ማስቀመጥ፣ የማወዛወዙንም መጠን ከምቱ ጥቂት ዘግይቶ ከፍ እንዲል ማድረግ ይቻላል፤ እኩል ድግግሞሽ ሙሉ ብዜቶችን ብቻ ስለሚወልድ ነዛሪው ከቃናው አይለይም። ይህን ማሰብ የቻለው አኮርዲዮኑንና ደወሉን አስቀድሞ ፈትቶ ስላየ ነው።

የሚቀረው ቅኝት ነው። ኪቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ አንድን ኦክታቭ በ12 እኩል እርምጃ ይከፍላል፤ በገና ደርዳሪ ግን አውታሮቹን የሚቃኘው በጆሮውና ከመምህሩ በወረሰው ልማድ ነው። ሰርጅን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ሌላ ቅኝት መቀበል ይችላሉ፤ የትኛውን ቅኝት እንደሚቀበሉ የሚነግራቸው ግን ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪው አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ዘግቶ ከበገና ደርዳሪ ፊት መቀመጥ፣ የእያንዳንዱን አውታር ድግግሞሽ ለክቶ መመዝገብ ይኖርበታል። ያ መዝገብ ለሙዚቃ ጥናትም፣ ለድምፅ ሠሪም፣ በገናን ለሚማር ልጅም ይጠቅማል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይኖር የሚሠራ የበገና ፕሪሴት የበገናን መልክ ይዞ የሌላ መሣሪያ ቋንቋ ይናገራል።

ከደርዳሪው ፊት የተቀመጠ ተማሪ ሌላም ነገር ያያል። ደርዳሪው መዝሙሩን ከመጀመሩ በፊት አንዱን አውታር ይነካል፤ ነዛሪው አልጠራም። እንዚራውን በጣቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ እንደገና ይነካል፤ አሁን በዛ። ጥቂት ይመልሰዋል፣ ጆሮውን አዘንብሎ ያደምጣል፣ ወደሚቀጥለው አውታር ይሻገራል።